የአባቴን ዘኒት-ኢ ካሜራ እቤት እየጠገንኩ ነው፤ ልምድ ያላችሁ ኑ

ዳዊት35 (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ።

የአባቴን ዘኒት-ኢ እየጠገንኩ ነው። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ካሜራ ነው። እንደሱ ይዘው የተመለሱ ብዙ ስለሆኑ፣ ከእናንተም መሃል ቁምሳጥን ላይ ይሄው ካሜራ የተቀመጠበት ቤት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንድ ሰው በግል ከመጠየቅ እዚህ የጻፍኩት።

ለማያውቀው፣ ዘኒት-ኢ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ላይ የተሠራ፣ በሚሊዮኖች የተመረተ ካሜራ ነው። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ፤ የኔ በ76 ይጀምራል። ባትሪ የለውም። ፍጥነቱ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500 እና ቢ (ተጭነህ እስከያዝከው ክፍት የሚቆይበት)፣ በቃ። ከውስጥ ጥርስ፣ ሞላና ለብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋ ጎማ የተቀባ የጨርቅ መጋረጃ ነው ያለው። ሰው በእጁ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ሊገጥመው የሚችል ነገር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሰው ይሄን ካሜራ አቧራውን ጠርጎ ሳሎን ውስጥ ጌጥ ሲያደርገው ነው። የተሠራው እኮ ፎቶ እንዲያነሳ ነው።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። ማጠንጠኛው ይሠራል፣ ሲጫን ይተኩሳል። ግን 1/500 ላይ አድርጌ የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ወደ ብርሃን ሳየው የፍሬሙ አንዱ ጎን ጨለማ ነው። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው፣ 58 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) 2። የፎከስ ቀለበቱ ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ በሁለት እጅም አልዞር ብሏል። ቆዳው በአንድ በኩል ተልጧል። ደስ ያለኝ የብርሃን መለኪያው ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሴሌኒየም እስካሁን ሕይወት አለው፣ ፀሐይ ላይ ሳወጣው ቀስቱ ይነሳል።

እስካሁን አንድም ብሎን አልፈታሁም። ከመፍታቴ በፊት ችግሩን በደንብ ማወቅ ስለፈለግኩ ነው። በስልኬ በሴኮንድ 240 ፍሬም ቀርጬው ነበር። በዚህ ፍጥነት 1/30 ስምንት ፍሬም ያህል፣ 1/60 አራት ያህል ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። የኔ 1/30 ላይ ከስምንትም አልፎ ነው የሚቆየው፣ ማለት እየዘገየ ነው። ለ1/500 ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም፤ ከአንድ ፍሬም በታች ስለሆነ ስልኩ አይይዘውም።

የመጋረጃውን ሞላ ማጥበቅ ልጀምር ወይስ መጀመሪያ ላጽዳው? የሠራችሁት ሰዎች ንገሩኝ።

ሄኖክ_ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

ዳዊት፣ ሞላውን ተወው! መጀመሪያ ጽዳት።

ምን መሰለህ የሚሆነው፣ መጋረጃው የሚጠቀለልባቸው ዘንጎች ጫፍ ላይ ፋብሪካው ያደረገው ቅባት በዓመታት ውስጥ ይደርቅና ይይዘዋል። መጋረጃው ይዘገያል። ሰው ደግሞ ቸኩሎ ሞላውን ያጠብቃል። ለጊዜው ይሠራል። ግን አሁን የደረቀውን ቅባት በጉልበት እያሸነፈ ነው የሚሄደው፣ ሞላው ይደክማል፣ ከዛ አንድ ቀን ቅባቱ ሲላቀቅ ፍጥነቱ በሙሉ ይዛባል። ከሰው እጅ ተቀብዬ ከፍቼ ያየኋቸው አብዛኞቹ ዘኒቶች አንድ ሰው በፊት ሞላቸውን አጥብቆ ያበላሻቸው ናቸው።

የአንዱ ጎን ጨለማ ትርጉሙ ይሄ ነው። ሁለት መጋረጃ አለ። የመጀመሪያው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። 1/500 ላይ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የመጀመሪያው ትንሽ ከዘገየ ሁለተኛው ይደርስበትና ብርሃን ሳይገባ ይዘጋዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማፍጠን ነው የምትፈልገው፣ እሱም በጽዳት ይጀምራል።

የታችኛውን ሳህን ፍታ። የውጥረት ማስተካከያዎቹን ታያቸዋለህ። አትንካቸው፣ ግን ያሉበትን ቦታ በስልክህ አንሳ፣ በእርሳስም ምልክት አድርግበት። የሲጋራ ላይተር የሚሞላበትን ቤንዚን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ እየነካህ ዘንጎቹ የሚዞሩበት ቦታ ላይ ብቻ አድርግ። ጨርቁን እንዳታረጥበው። ከዛ ደጋግመህ አጠንጥነህ ተኩስ፣ ይድረቅ፣ እንደገና። ጥቁር ውሃ ሲወጣ ታያለህ። መስኮት ክፈት፣ እሳት አጠገብህ አይኑር።

ከዚህ በኋላ ካልተስተካከለ ብቻ የመጀመሪያውን መጋረጃ ሞላ በጣም ትንሽ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ንካውና መልሰህ ሞክር።

ካቻቢቴህን ደግሞ አስተካክል። የሩሲያ ካሜራ ብሎን አብዛኛው ባለ አንድ መስመር ነው፣ ስፋቱ ልክ የሆነ የሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ያስፈልግሃል። ጠባብ ከሆነ የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። የጃፓን ካሜራ የምትፈቱ ደግሞ፣ ያ መስቀል የሚመስለው ብሎን ተራው መስቀለኛ አይደለም፤ የራሱ የጃፓን ስታንዳርድ ካቻቢቴ አለው፣ በተራው ከሞከራችሁት ይበላሻል።

የኔታ_ፊልም (ሐዋሳ)

ይሄን ሁሉ ድካም ለምን? ደብሊውዲ-40 በትንሹ ነፋ ነፋ ብታደርግበት ይላቀቃል። እኔ በር ላይም ብስክሌት ላይም እሱን ነው የምጠቀመው።

ሄኖክ_ካቻቢቴ

ኧረ ወንድሜ ተው! ለበሩ ይሁን። ካሜራ ውስጥ ግን ይሰራጫል። ዛሬ ዘንጉ ላይ የነፋኸው ነገ አፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ፣ ከነገ ወዲያ መስታወቱ ላይ ነው። ቅጠሎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሲተን ደግሞ የሚተወው ነገር አለ፣ ያ አቧራ ይሰበስባል። አንድ ጠብታ ቤንዚን በብሩሽ ጫፍ ከዛ ሁሉ ይሻላል።

ስለ ፈሳሽ ካነሳን አይቀር፣ ሌንስ በሳኒታይዘር የምትጠርጉ አቁሙ። በኮቪድ ጊዜ የተለመደው የእጅ አልኮል ግሊሰሪን አለበት፣ እጅ እንዳያደርቅ ተብሎ። ሌንስ ላይ ደመና ይተዋል። የምትፈልጉት ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው።

ሰላም_ሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይቅርታ ርዕሱን ላቋርጥ ነው ግን የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ስልክ ብቻ ነው የሚያውቁት። እናቴ አዲስ አበባ እያለች የገዛችው ካነን ኤኢ-1 አለኝ። አልተኩስም ይላል፣ ማጠንጠኛውም ተቆልፏል። እና ውስጡ ፊልም ያለ ይመስለኛል። የመጠቅለያውን እጀታ በቀስታ ሳዞረው የሚይዘው ነገር አለ። ክዳኑን ልክፈተው?

ሄኖክ_ካቻቢቴ

እህቴ እንዳትከፍቺው! እጀታው ከያዘ ፊልም አለ ማለት ነው።

አለመተኮሱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ኤኢ-1 ያለ ባትሪ አይተኩስም፣ ባለ 6 ቮልት ነው የሚወስደው፣ 4ኤልአር44 በይና ጠይቂ። የባትሪውን በር ስትከፍቺ ጥንቃቄ፣ የዛ ሞዴል በር በመሰበር የታወቀ ነው። ውስጡ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ካየሽ አሮጌው ባትሪ ፈሶ ነው። ኮምጣጤ በጥጥ ጫፍ ነክተሽ ጥረጊው፣ ከዛ በአልኮል፣ ይድረቅ።

ፊልሙን ለመጠቅለል ባትሪ አያስፈልግም። ከካሜራው ሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኚ፣ ከዛ እጀታውን አዙሪ። ሲለቅሽ ይታወቅሻል። ከተቻለ ጨለማ ክፍል ውስጥ አድርጊው።

ሰላም_ሲ

እሺ ጠቅልዬ አወጣሁት፣ አመሰግናለሁ። የካሜራውን ባትሪም ቀየርኩ፣ ተኩሷል! ግን ሲተኩስ እንደ ማሳል ያለ ድምፅ ያሰማል። ፊልሙ ኮዳክ ባለ ቀለም ነው። የፎቶ ቤቱ ሰው እኛ ጋ እንደማንኛውም ቀለም ፊልም ነው የምናጥበው አለኝ። ልስጠው?

ቡና_እና_ብር (ሙኒክ)

ሰላም፣ ይሄን እኔ ልመልስ፣ አሮጌ ፊልም ማጠብ በጣም ነው የምወደው።

መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን በደንብ አንብቢ። ሲ-41 ካለ ተራ ቀለም ፊልም ነው። ኮዳክሮም ካለ ግን ማንም በቀለም ሊያጥብልሽ አይችልም፣ የመጨረሻው ቤት በ2010 መጨረሻ መቀበል አቁሟል። በጥቁርና ነጭ ግን ሁለቱም ይታጠባሉ።

የኔ ምክር፣ ሲ-41 ቢሆንም በጥቁርና ነጭ አሳጥቢው። ቀለሙ በዚህ ሁሉ ዓመት ተዛብቷል፣ በቀለም ካጠቡት ድብልቅልቅ ያለ ቡኒ ይሆናል። ፊልሙ ውስጥ ባለው ብር ላይ ያለው ምስል ግን ከቀለሙ ይልቅ ጸንቶ ይቆያል። ኤች ሲ-110 በሚባለው ማጠቢያ የሚሠራ ቤት ፈልጊ፣ ለአሮጌ ፊልም የሚመረጠው ጉሙን፣ ማለት ፊልሙ ሲያረጅ ምስሉን የሚሸፍነውን ጭጋግ፣ ስለሚቀንስ ነው። አሮጌ ፊልም አጥበን እናውቃለን የሚሉ ቤቶች አሜሪካ ውስጥ አሉ፣ ተራ ፎቶ ቤት አትስጪ። አንዴ በተሳሳተ መንገድ ከታጠበ መመለሻ የለውም።

ሳሉን በተመለከተ፣ የኤኢ-1 የታወቀ ጠባይ ነው። መስታወቱን የሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች ዘይት ሲደርቅባቸው ነው። በመርፌ ጫፍ ጥቂት ዘይት የሚበቃው ነገር ነው፣ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ መድረስ አለበት፣ አለበለዚያ ዘይቱ መጋረጃው ላይ ይሄዳል። እስኪስተካከል አትጠቀሚበት አልልሽም፣ ይተኩሳል፣ ግን ብዙ አታቆዪው።

የድሮ_ፎቶ_አንሺ (ደሴ)

ልጆች፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ፎቶ ቤት ዕድሜዬን የሠራሁ ሰው ነኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምረቃ። ያሺካ ማት በሚባል ካሜራ፣ በባለ 120 ፊልም ነበር የምንሠራው።

ሄኖክ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር። እኛ የስፌት ማሽን ዘይት በመርፌ ጫፍ እየነካን ነበር የምናደርገው፣ ለዓመታት ምንም አልሆነብንም። ካሜራውን ደግሞ አጠንጥኖ ማስቀመጥ ክልክል ነበር። ተኩሶ ነው የሚቀመጠው፣ ሞላው እንዲያርፍ።

በክረምት ሌንሶቹን የምናስቀምጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ትንሽ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ እናበራ ነበር። እርጥበቱን የሚያባርረው እሱ ነበር። የቆዳ ማህደር ውስጥ የተረሳ ሌንስ ነበር ሁሌም ፈንገስ የሚይዘው፣ ቆዳው ውሃ ይይዛላ።

ሄኖክ_ካቻቢቴ

ጋሼ እንኳን ገቡ። የአምፖሉ ነገር በጣም ጥሩ ነው፣ አሁን የሚሸጡት የማድረቂያ ሣጥኖችም የሚሠሩት ይሄንኑ ሥራ ነው።

ስለ ዘይቱ ግን በትሕትና አልስማማም። ለእርስዎ የሠራው ካሜራው በየቀኑ ሥራ ላይ ስለነበረና እርስዎም በየጊዜው ያጸዱት ስለነበር ይመስለኛል። ቁምሳጥን ላይ ለሚቀመጥ ካሜራ የስፌት ማሽን ዘይት ይሸሻል፣ በሙቀት ወደ ቅጠሎቹ ይሄዳል። የሰዓት ሠሪ ዘይት ካደረጉት ቦታ አይንቀሳቀስም። ውድ ነው፣ ግን አንድ ካሜራ የሚፈልገው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄዶ ትንሽ ስጠኝ ማለት ይቻላል።

የድሮ_ፎቶ_አንሺ

ይሁን፣ ይሄን እቀበላለሁ። እኛ ሳምንት ሳይነካ የሚያድር ካሜራ አልነበረንም።

ኪያ_ኬ1000 (ዱባይ)

እኔ የምሠራው ፔንታክስ ኬ1000 ላይ ነው። 1976 የወጣ፣ እስከ 1997 የተመረተ፣ ተማሪ ሁሉ የተማረበት ካሜራ። ጃፓኖቹ በክዳኑ ቦይ ውስጥና መስታወቱ የሚያርፍበት ላይ ስፖንጅ ያደርጋሉ፣ ያ ስፖንጅ ከጊዜ ብዛት ወደሚያጣብቅ ጥቁር ቅጥራን ይለወጣል። እንደዛ ከሆነ ብርሃን ይገባል፣ ፎቶው ላይ ብርቱካናማ መስመር ያያሉ።

በጥርስ ስንጥርና በአልኮል ነው የማወጣው። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ፍርፋሪው ከላይ ያለው የማያ መስታወት ላይ እንዳይወድቅ ካሜራውን ገልብጡት። መስታወቱን በጨርቅ እንዳትጠርጉት። የካሜራ መስታወት አንጸባራቂው ነገር ከፊት ነው የተቀባው፣ እንደ ቤት መስታወት ከኋላ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ብትፈትጉት ይጫራል። በጎማ መንፊያ አየር ብቻ።

ለክዳኑ ቦይ ስፖንጅ ካጣችሁ ጥቁር የሹራብ ክር በደንብ ይሠራል፣ ቦዩ ውስጥ አስተኝታችሁ በትንሽ ሙጫ። መስታወቱ የሚያርፍበት ላይ ግን ስፖንጅ ግዴታ ነው።

ሌላ፣ ኬ1000 ማጥፊያ የለውም። የሌንስ ክዳኑን ካልዘጋችሁ የብርሃን መለኪያው ባትሪውን ይጨርሳል። ካኖኔት የሚባለው የካነን ካሜራ ያላችሁ ደግሞ የድሮው የሜርኩሪ ባትሪ 1.35 ቮልት ነበር፣ አሁን አይመረትም። በ1.5 ቮልት አልካላይን ከተካችሁት መለኪያው ይሳሳታል። የጆሮ መስሚያ ባትሪ፣ 675 የሚባለው፣ 1.4 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ይቀርበዋል።

ሄኖክ_ካቻቢቴ

ኪያ የጻፈችው በሙሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ልጆች ጭምር ስለሚያነቡ። ፍላሽ አብሮት የተሠራ ትንንሽ ካሜራ እቤት አትፍቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ባትሪ ካወጣችሁ በኋላም ይቆያል። ዘኒትና ኬ1000 እንዲህ ዓይነት ነገር የላቸውም፣ ለመማር ጥሩ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ሚኪ_መርካቶ (አዲስ አበባ)

ወንድሞች አንድ ነገር አጣሩልኝ። ላይካ የሚባለውን የጀርመን ካሜራ፣ ወርቃማውን፣ አግኝቻለሁ፣ የጀርመን ጦር ምልክት የተቀረጸበት። ሻጩ ሚሊዮን ያወጣል ይለኛል።

ቡና_እና_ብር

ሚኪ፣ ሌንሱን ፍታውና ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከት። ሌንሱን የምትነካ ትንሽ እጅ አለች። ጫፏ ክብ ተሽከርካሪ ከሆነ ላይካ ሊሆን ይችላል። ሹል ሆና ሽብልቅ ከመሰለች ፌድ ወይ ዞርኪ ነው። ፌድ ካርኪቭ ውስጥ ከ1934 ጀምሮ፣ ዞርኪ ክራስኖጎርስክ ከ1948 ጀምሮ በላይካ አምሳያ የተሠሩ ናቸው። ወርቅ ቀብቶ፣ ምልክት ቀርጾ ላይካ ነው ብሎ መሸጥ በዓለም ሁሉ የተለመደ ማጭበርበር ነው።

ሚኪ_መርካቶ

ሽብልቅ ናት። በዘኒት ዋጋ ልውሰደው ወይስ ልተወው?

ቡና_እና_ብር

በዘኒት ዋጋ ከሆነ ውሰደው! ፌድም ዞርኪም በራሳቸው ቆንጆ ካሜራ ናቸው። ሁለት ነገር አስታውስ። ፍጥነቱን የምትቀይረው ካጠነጠንክ በኋላ ነው፣ ቀድመህ ካዞርከው ውስጡን ልትሰብረው ትችላለህ። ሁለተኛ፣ እንደ ዘኒት ከፊት መስታወት የለውም። የሌንስ ክዳኑን ሳትዘጋ ፀሐይ ላይ ከተውከው ፀሐይዋ በሌንሱ ተሰብስባ መጋረጃውን ትበሳዋለች። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ጨለማ ውስጥ ገብተህ የካሜራውን ክዳን ክፈት፣ በሌንሱ በኩል የስልክ መብራት አብራበት። ቀዳዳ ካለ ኮከብ መስሎ ይታይሃል። ትንንሽ ከሆኑ ጨርቅ ላይ የማይሰነጠቅ ጥቁር ቀለም በጣም በስሱ ቀብተህ ትደፍናለህ። ወፍራም ከቀባህ መጋረጃው አይጠቀለልም።

ዳዊት35

ተመልሻለሁ! ሄኖክ እግዚአብሔር ይስጥህ።

የታችኛውን ሳህን ፈትቼ እንዳልከው ዘንጎቹን ብቻ አጸዳሁ። ሞላውን አልነካሁም። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልነበረውም፣ ሌሊቱን አድሮ እንደገና ሳደርገው ግን 1/30 ወደ ስምንት ፍሬም ተመለሰ። 1/500 ላይም ጨለማው ጠፋ። ማመን አቃተኝ፣ ደጋግሜ ተኮስኩት።

ሌንሱ ነው ብዙ የወሰደኝ። ለምትሞክሩት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሄሊዮስ ሲፈታ የፎከሱ ጥርስ ብዙ መግቢያ አለው። ሲለያይ የተለያየበትን ትክክለኛ ቦታ በሁለቱም ላይ ጫሩበት። በሌላ መግቢያ ከገጠማችሁት ሌንሱ ይዞራል፣ ግን ሩቁን አያጠራም። እኔ ሲለያይ ስልኬን ቪድዮ ላይ አድርጌ ነበር፣ ምልክቱንም በመርፌ ጫርኩ። አሮጌውን ግራሶ በቤንዚን አጥቤ አዲስ በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁ። አሁን በአንድ ጣት ይዞራል።

ሩቁን ለማስተካከል ክዳኑን ከፍቼ ፊልሙ የሚተኛበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ስኮች ለጠፍኩ፣ በቢ አድርጌ መጋረጃውን ክፍት ያዝኩት፣ ከዛ ከጣራ ላይ ወደ እንጦጦ አዞርኩት። የተራራው ጫፍና ዛፎቹ ስኮቹ ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። ጥርት የሚልበት ቦታ ላይ ቀለበቱን በጥቃቅን ብሎኖቹ አሰርኩት። ስኮቹ ልስልስ ካለ ተሳስታችሁ ነው፣ ወጥሩት።

ቆዳውን ሰፈራችን ያሉ ጫማ ሠሪ ናቸው የረዱኝ። ስስ የበግ ቆዳ ቁራጭ ሰጡኝ፣ አሮጌውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ሳነሳው ሳይቀደድ ስለወጣ በሱ ልክ ቆረጥኩ። በማስቲሽ ነው የለጠፍኩት። ከድሮው ያምራል።

አሁን ፊልም ነው የቀረኝ። የት ነው የሚገኘው?

ራሔል_አሽዶድ (እስራኤል)

ዳዊት እንኳን ደስ ያለህ!

እኔ ሌላ ዓይነት ጣጣ ነው ያለብኝ። እዚህ ባሕር ዳርቻ ስለሆንን እርጥበቱ ከባድ ነው፣ የሌንሴ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ወጥቷል። ፈንገስ መሆኑን አውቃለሁ። ይጸዳል ወይስ ልጣለው?

ሄኖክ_ካቻቢቴ

ራሔል አትጣዪው። ቀድመሽ ከደረስሽበት ይወጣል። ብርጭቆው ከወጣ በኋላ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሌንስ ወረቀት ነክተሽ ጥረጊው፣ ከዛ በአልኮል። ብዙ ጊዜ ፈንገሱ ራሱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ግን ብዙ ከቆየ ብርጭቆው ላይ ያለውን ሽፋን ይበላዋል፣ ያ ምልክት አይጠፋም። እንደዛም ሆኖ ፎቶው ላይ ጎልቶ አይታይም፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ካላነሳሽ በቀር።

ከዛ በኋላ ግን የምታስቀምጪበት ነው ዋናው። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ሣጥንና ሲሊካ ጄል። ከጫማ ሣጥን የሚወጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስቢ። ሲሞሉ ምድጃ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት አድርቀሽ መልሰሽ መጠቀም ትችያለሽ። ሩዝ አታድርጊ፣ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። በጣም ማድረቅም ጥሩ አይደለም፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ከሆነ በቂ ነው።

ቡና_እና_ብር

ዳዊት ስለ ፊልም፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንዴ ይገኛል፣ ግን ቀኑን እይ። ቀላሉ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ነው። ለመጀመሪያ ፎማፓን 100 ወይም ኬንትሚር 400፣ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ፣ ርካሽ ናቸው።

የሚያመጣልህ ሰው ሻንጣ ውስጥ አያስገባው። ወደ ጭነት የሚገባው ሻንጣ የሚታይበት ኤክስሬይ ጠንካራ ስለሆነ ፊልም ያበላሻል። በእጅ ይያዘው። በእጅ ሻንጣ ላይም አሁን ብዙ ኤርፖርቶች ሲቲ ስካነር እያስገቡ ነው፣ እሱም ፊልም ላይ ጉም ይጥላል። በግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ለይቶ በእጅ እዩልኝ ብሎ ይጠይቅ። ሁሉም እሺ አይሉም፣ ግን ይጠየቃል።

ስለ ማጠቢያ ደግሞ፣ ዲ-76 ካገኘህ እሱን ተጠቀም። ካላገኘህ በቡና አጥብ! እውነቴን ነው። በ1995 ሮቸስተር ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ውስጥ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ያገኘው ነገር ነው፣ ካፌኖል ይባላል። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ የሌለው ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ቶሎ የሚሟሟ ቡና። በ20 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ። ይሸታል፣ ግን ይሠራል።

ሦስት ነገር ልብ በል። የጀበና ቡና አይደለም፣ የሚሟሟው ነው፣ ርካሹ ደግሞ ከውዱ ይሻላል። ሶዲየም ካርቦኔት ከቤኪንግ ሶዳ ይለያል፣ ካጣኸው ቤኪንግ ሶዳውን ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ብታቆየው ወደሱ ይለወጣል። ፊክሰር ግን ቡና አይተካውም፣ እሱን መግዛት አለብህ። ያለ ፊክሰር ምስሉ ብርሃን ላይ ይጠፋል።

የድሮ_ፎቶ_አንሺ

በቡና! ይሄን በኛ ጊዜ ብናውቅ ኖሮ። ኬሚካል ሲጠፋ ስንት ሠርግ ሳይታጠብ ተደርድሮ ይጠብቅ ነበር።

ዳዊት ልጄ፣ መለኪያው ቢሠራም ለመጀመሪያው ፊልም አትመነው። ሴሌኒየም ሲያረጅ ከእውነተኛው ያነሰ ብርሃን ነው የሚያሳየው። በጠራ ፀሐይ አፐርቸር 16፣ ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር እኩል። ፊልምህ 100 ከሆነ 1/125። ደመና ሲሆን 8፣ ጥላ ውስጥ 5.6 ወይ 4። ከዛ መለኪያው ከዚህ ምን ያህል እንደሚለይ ጽፈህ ያዝ። የዘኒትህ መለኪያ ላይ የፊልሙ ቁጥር የተጻፈው ደግሞ በሶቭየቶቹ መለኪያ፣ በጎስት ነው፣ አሁን ፊልም ላይ ከሚጻፈው አይሶ ትንሽ ያንሳል፣ 90 ጎስት 100 አይሶ ማለት ነው።

ዳዊት35

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ መለኪያውን እንዳሉት ከፀሐዩ ሕግ ጋር አስተያየሁት፣ አንድ ደረጃ ያህል ያንሳል። ወረቀት ላይ ጽፌ ክዳኑ ውስጥ ለጠፍኩት።

ፎማፓን 100 አንድ ዘመድ አመጣልኝ፣ በእጁ ይዞ። ግማሹን ፒያሳ፣ ከፈረሰው የተረፈውን፣ ግማሹን እቤት አባቴን አነሳሁ። ፎቶው የተስተካከለ ነው፣ በየፍሬሙ መሃል ያለው ርቀት ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ጥርስ ነው ችግሩ ወይስ እኔ ስጭን ነው?

ሄኖክ_ካቻቢቴ

ብዙ ጊዜ መቀበያው ዘንግ ነው። ፊልሙን ጎትቶ የሚጠቀልለው ዘንግ በውስጡ የሚያዳልጥ ክፍል አለው፣ እሱ ሲደክም ወይ ቅባት ሲገባበት እኩል አይስብም። ፊልም ሳታስገባ ክዳኑን ክፈትና አጠንጥን፣ ዘንጉን በጣትህ ያዘው። በቀላሉ ከቆመልህ ደክሟል። ቤንዚን ወደዛ ሄዶ ከሆነም እንደዛ ይሆናል። ከመፍታትህ በፊት ቪድዮ ቅረጽና እዚሁ ጣለው፣ አይቼ ከየት እንደምትጀምር እነግርሃለሁ።

ሰላም_ሲ

ሄኖክና የሙኒኩ ወንድሜ፣ ፊልሙ ታጥቦ መጣ። በኤች ሲ-110 የሚሠራ ቤት አግኝቼ በጥቁርና ነጭ አሳጠብኩት። ከ24ቱ አሥራ አንዱ ግልጽ ናቸው። ጎረቤቶቻችን፣ አክስቴ፣ ሠፈራችን ያለ ሱቅ። እናቴ ማን ማን እንደሆነ እየነገረችኝ ጀርባቸው ላይ እየጻፍኩ ነው። የቀሩትን ጉም የያዙትን ስካን ሳደርግ ማዳን ይቻላል?

ቡና_እና_ብር

ይቻላል፣ ጥሩ ዜና ነው! ስካን ስታደርጊ በ16 ቢት አድርጊው፣ ስካነሩ ራሱ እንዲያስተካክል አትፍቀጂለት። ጉሙ ሁሉም ቦታ እኩል ስለሚሆን በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከርቩን (ጨለማና ብርሃኑን የሚያስተካክለውን መስመር) ከጨለማው ጫፍ ቆርጠሽ ስታነሺው ከሥሩ ያለው ምስል ይወጣል። ኔጋቲቩን በተራ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጪ፣ ለኔጋቲቭ የተሠራ መያዣ ግዢ። አንዱን የማይታየውን ላኪልኝ፣ ሞክሬ ምን ምን እንዳደረግኩ እዚህ እጽፈዋለሁ።